ያጨበጨብነው ለየትኛው ዘፈን ነበር?

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ የወላጆች በዓል በተደረገ ጊዜ የታየውና የተሰማው ነገር ከብዙዎቻችን አእምሮ እስከ ዛሬ አልጠፋም። አንዳንዱ ስለ ቴአትሩ፣ አንዳንዱ ስለ ሽልማቱ፣ አንዳንዱም የድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ ስለ መቋረጡ ሲያወራ ከርሟል። እኔ ግን በዚህ መጽሔት አሳቤን እንድገልጽ ዕድል ስለ ተሰጠኝ፣ ልጽፍ የምወደው በዚያ ቀን አንድ ልጅ ስላሰማን ሁለት የራፕ ዘፈኖችና እኛ ስላጨበጨብነው ጭብጨባ ነው።

ልጁ የዚሁ የተክለ ሃይማኖት ሠፈር ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የሚያውቁት ያውቁታል፣ ለማያውቁትም ስሙ ምንም አይጨምርላቸውም። ቀን እየሠራ ማታ ይማራል። በዚያ ቀን የሙዚቃ ክበባችን ጋብዞት ነበር የመጣው። የመጀመሪያው ዘፈኑ ቀድሞ ስለ ነበረበት ሕይወት ነው፤ ኪስ እንዴት እንደሚወልቅ፣ ስልክ ከሰው እጅ እንዴት እንደሚነጠቅ፣ በየትኛው ጠባብ መንገድ ተገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ ይተርካል። አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። ወንበር ላይ የቆሙ ነበሩ፤ ፉጨቱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ግን ዛሬ ስለሚሠራበት ወፍጮ ቤት፣ ስለ ጤፍ ኩንታልና ዱቄት ስለ ለበሰ ሸሚዝ የሚናገር ነበር። ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡት ወሬ ያዙ፤ ከፊት የነበሩትም ስልካቸውን መመልከት ጀመሩ። ሲጨርስ የተጨበጨበለት ለጨዋነት ያህል ብቻ ነው።

በማግስቱ ክርክር ተነሣ። አንድ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ቅሬታቸውን አሰሙ። ሴት ልጃቸው በጩቤ ተስፈራርታ ስልኳን ከተቀማች ገና ስድስት ወር አልሞላም ነበርና፣ ሌብነት በመድረክ ላይ እንደ ጀግንነት ሲጨበጨብለት ማየቷ አስለቅሷታል። እኛ ተማሪዎቹ በበኩላችን «ራፕ ከስርቆት ያዳነውን ልጅ ሊያባርሩት ነው» እያልን ጮኽን። በዚያ ሳምንት ከጯኺዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ነገሩን ደጋግሜ ካሰብሁት በኋላ ግን ሁለታችንም ወገን አንድ ነገር ስተናል ለማለት ደርሻለሁ። ልጁን ከስርቆት ያወጣው ራፕ አይደለም። ወደ ስርቆቱ መልሶ ሊጎትተው የሚችለው ግን የኛው ጭብጨባ ነው።

ይኸን የምለው ከራሱ ከልጁ አፍ ሰምቼ ነው።

ተክለ ሃይማኖት ምን ዓይነት ሠፈር እንደ ሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በአንድ ወገን መርካቶ፣ በሌላ ወገን ልደታ፣ ከጧት እስከ ማታ ዕቃ የሚጫንበትና የሚራገፍበት፣ ሰው የማይጠፋበት ቦታ ነው። በየወሩ በ24 ቀን፣ ይልቁንም ነሐሴ 24 ቀን፣ ጻድቁን ለማክበር የሚመጣው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አልፎ መንገዱን ይሞላዋል። ሰው በተጨናነቀበት ሁሉ ደግሞ ኪስ አውላቂ አይታጣም፤ ይህም የኛ ሠፈር ብቻ ነውር አይደለም። ልጁ እንደ ነገረኝ ሥራው የሚሠራው በሦስት ሰው ነው። አንደኛው ይጋፋል፣ ሁለተኛው ይወስዳል፣ ሦስተኛው ተቀብሎ ይሰወራል። እርሱ በ14 ዓመቱ የጀመረው በሦስተኛነት ነው፤ እግሩ ፈጣን ነበረና። በኋላም ብቻውን ከእጅ መንጠቅ ለመደ። ሁለት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ አድሯል፤ ሁለት ጊዜም እናቱ እያለቀሱ አስፈትተውታል። ትምህርቱም በዚያው ተቋረጠ።

አንድ ቀን ማታ ከአንዲት ሴት እጅ ስልክ ነጥቆ ሮጠ። ሴቲቱ አልለቅም ብለው ኖሮ ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸውም ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ጨለማ ስለ ነበረ ማን እንደ ሆኑ አላየም። ከሳምንት በኋላ እናቱ እንጀራ እንዲገዛ ወደ አንዲት ጎረቤት ላኩት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እትዬ እያለ የሚጠራቸው፣ እናቱ ገንዘብ ባጡ ጊዜም በዱቤ የሚሰጡ ሴት ናቸው። ሲገባ እጃቸው በጀሶ ታስሯል፤ ምጣዱ ቀዝቅዟል። «ልጄ፣ ለእናትህ የዛሬ ሁለት ወር ይሁን ብለሃል በላት። አንድ ባለጌ እጄን ሰብሮብኝ መጋገር አልቻልሁም» አሉት።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ልጁ በዚያ ሰዓት ዘፈን አልጻፈም። ቤቱ ገብቶ ተኛ። ባልንጀሮቹ በበሩ ላይ ሲያፏጩ አሞኛል አላቸው፤ በማግስቱም እንዲሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ወፍጮ ቤት ሄዶ ሥራ ለመነ። ባለ ወፍጮው ጠባዩን እያወቁ፣ «ጧት በ12 ሰዓት ከመጣህ ትሠራለህ፤ አንድ ቀን የቀረህ እንደ ሆነ ግን አትመለስ» ብለው ተቀበሉት። አስቀድሞ ማንም በሰዓት ጠብቆት አያውቅም ነበር። ግጥም መደርደር የጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወፍጮው ሲዞር ሰው ሰውን ስለማይሰማ፣ ቀኑን ሙሉ በወፍጮው ምት ላይ ብቻውን ቃል እየገጠመ መዋል ለመደ። ማታ ማታ ያን በደብተሩ ጻፈ። በሦስት ወር ደመወዙ ከገዛው ስልክም ምት እየከፈተ በላዩ ላይ ማለት ጀመረ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። አስቀድሞ ተወ፣ ቀጥሎ ሥራ ያዘ፣ ዘፈኑ የመጣው በሦስተኛ ነው። «ራፕ አዳነው» የምንል ሁሉ መጨረሻውን ወደ መጀመሪያ አምጥተን ነው የምናወራው።

ራፕ በተወለደበት አገርም የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወጣቶች በየመንደሩ በቡድን ተደራጅተው ይዋጉ ነበር። የአንዱ ቡድን ልጅ የሌላውን ጎዳና መሻገር አይደፍርም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1971 ጌቶ ብራዘርስ የተባለው ቡድን ለማስታረቅ የላከው ብላክ ቤንጂ የሚባል ወጣት ተደብድቦ ተገደለ። ሁሉም በቀል ሲጠብቅ፣ ዲሴምበር 8 ቀን የየቡድኑ መሪዎች በሆ አቬኑ በሚገኝ የወጣቶች ክበብ ተሰብስበው ዕርቅ አወረዱ። ዕርቁ ጠብን ሁሉ አጠፋ ለማለት አይደለም። ነገር ግን ልጆች ከሠፈር ወደ ሠፈር መሻገር ቻሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ኩል ሄርክ የተባለ የጃማይካ ተወላጅ ወጣት ከእኅቱ ጋር በ1520 ሴጅዊክ አቬኑ ባለው ሕንፃ ውስጥ ጭፈራ አዘጋጀ። የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ የሚከበረው ያ ምሽት ነው። ኩል ሄርክ በዚያን ቀን የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ እኔም ዘንድሮ ያው ነኝና ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትንሽ አፈርሁ። ያ ጭፈራ ዕርቅ ባይቀድመው ኖሮ ከሌላ ሠፈር ማን ይመጣለት ነበር?

«ታዲያ የአሜሪካ ነገር ለኛ ምናችን ነው?» የሚሉኝ አይጠፉም። ባለፈው ዓመት ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህንኑ ብለዋል። አባባላቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በምት ላይ ቃል መደርደር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ፉከራ ምንድን ነው? አንድ ሰው በሰው ፊት ቆሞ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ፣ ማንነቱንና የሠራውን ሥራ ቤት በሚመታ ቃል ይናገራል። አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ በፊቱ ለተቀመጠው ሰው በዚያው ቅጽበት ግጥም ይፈጥራል። በዚህ በነካ እጄ ስለ ሙያው አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ቤት መምታት ቀላል ይመስላል፤ ግሡ ከመጨረሻ ስለሚመጣ «ሄድሁ፣ መጣሁ፣ ወሰድሁ» እያሉ ማለቂያ የሌለው ስንኝ መደርደር ይቻላልና። ጀማሪዎች ሁሉ የሚወድቁት በዚህ ነው። ይህ ልጅ ግን ግሡን ወደ መካከል እያመጣ በስምና በቅጽል ቤት ይመታል፤ የአማርኛ መምህራችን ደብተሩን አይተው ይህን ያስተማረህ ማን ነው ብለው ጠይቀውታል።

ወደ ፉከራው ልመለስ። ፉከራ ወግ ነበረው። ሰው የሚፎክረው በታጠቀ ጠላት ወይም በአውሬ ፊት ስላሳየው ጀግንነት ነው። ያላደረገውን አድርጌያለሁ ያለ እንደ ሆነ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ያፍራል። ከእንጀራ ጋጋሪ እጅ ስልክ ነጠቅሁ ብሎ የፎከረ ግን ከአባቶቻችን አልተሰማም። ስለዚህ እኒያ ወላጅ የመጀመሪያውን ዘፈን መቃወማቸው እውነት አላቸው። ነውሩ ዘፈኑ ራፕ መሆኑ ሳይሆን ፉከራው ያለ ቦታው መዋሉ ነው። ሕጉም ቢሆን በዚህ አይቀልድም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 670 ውንብድናን እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የተቀማችው ልጅ በመካከላችን ተቀምጣ ሳለች እኛ ወንበር ላይ ወጥተን ማፏጨታችንን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ለይተን እንወቅ። መንገድ ላይ ያደገ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ታላቁ ድምፃዊ ማሕሙድ አህመድ በዚሁ በመርካቶ ተወልደው በልጅነታቸው ጫማ እየጠረጉ ያደጉ ሰው ናቸው። የድህነትንና የሌብነትን ታሪክ አንድ አድርጎ የሚያወራ ሰው ጫማ ጠራጊውን ይበድላል።

ስለ ራፕና ስለ መንገድ ሕይወት ሲነሣ በኛ ክፍል ሁሉም የሚጠቅሰው ኒፕሲ ሃስልን ነው። ወላጆች ምናልባት አያውቁት ይሆናልና ታሪኩን ልተርክ። እውነተኛ ስሙ ኤርምያስ አስገዶም ነው። አባቱ ከኤርትራ ወደ አሜሪካ የሄዱ ስደተኛ፣ እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1985 በሎስ አንጀለስ ተወለደ። በጉርምስናው ትምህርቱን ትቶ ሮሊን ሲክስቲስ ከሚባለው የወንበዴ ቡድን ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 አባቱ እርሱንና ወንድሙን ይዘው ወደ ኤርትራ ሄዱ፤ ሦስት ወር ያህልም ተቀመጡ። ጥቁር ሕዝብ የራሱን አገር ሲመራ፣ የራሱን ንግድ ሲያካሂድ በዓይኑ ማየቱ አሳቡን እንደ ለወጠው ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ሆኖም በአንድ ቀን አልተለወጠም፤ መንገዱንና ዘፈኑን ዓመታት ያህል አብሮ ይዞ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2013 «ክሬንሾ» የተባለውን ሥራውን አሳትሞ 1,000 ቅጂ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። ሰው ሁሉ ሲስቅበት ጄይ ዚ የተባለው ታላቅ ራፐር ብቻውን 100 ቅጂ ገዛው። በ2017 በልጅነቱ ይውልበት በነበረው በክሬንሾና በስሎሰን መንገዶች መገናኛ ላይ ከወንድሙ ጋር የልብስ ሱቅ ከፈተ። በ2018 «ቪክትሪ ላፕ» የተባለውን አልበሙን አወጣ፤ አልበሙም ለግራሚ ሽልማት ታጨ። በዚያው ዓመት የሠፈሩ ወጣቶች ሥራ የሚሠሩበትና ሳይንስ የሚማሩበት ቦታ እንዲከፈት አደረገ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁላችንም እንወደዋለን፤ በየደብተራችን ሽፋን ላይ ሥዕሉን የለጠፍነውም ለዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ስንተርክ አልሰማም።

እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2019 እሑድ ዕለት ኤርምያስ ወደ ሱቁ የመጣው ብዙ ዓመት ታስሮ የተፈታ አንድ ወዳጁን ሊያገኝና ልብስ ሊሰጠው ነበር። በሱቁ በር ላይ በጥይት ተመትቶ በ33 ዓመቱ ሞተ። የገደለውም ከዚያው ከቀድሞው ቡድኑ የሚያውቀው ሰው ነው፤ በ2022 ጥፋተኛ ተብሎ፣ በ2023 ቢያንስ 60 ዓመት እንዲታሰር ተፈርዶበታል። ኤርምያስ በማግስቱ፣ ኤፕሪል 1 ቀን፣ በሠፈሩ ያለው መገዳደል ስለሚቀርበት መንገድ ከከተማው የፖሊስ አለቆች ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ ነበረው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው። ልብስ ሊቀበል መጥቶ አብሮ የቆሰለው ያ ወዳጁ፣ «ከወንበዴ ቡድን አባል ጋር ተገኝተሃል፤ የተለቀቅህበትንም ግዴታ ጥሰሃል» ተብሎ እንደ ገና ታሰረ። የወንበዴ ቡድን አባል የተባለው ሟቹ ኤርምያስ ነው! ሰውየው የተለቀቀው ሕዝብ ከጮኸ በኋላ ነው። በ2020 ለኤርምያስ ሁለት የግራሚ ሽልማት ተሰጠው፤ ተቀባዮቹ ግን ቤተ ሰቦቹ ናቸው።

እንግዲህ ኤርምያስ ወጥቶ ነበር። ነገር ግን ሁለት ወገን አልለቀቀውም። አንደኛው የቀድሞ ቡድኑ፣ ሁለተኛው የቀድሞ ስሙን ከመዝገብ ያልፋቀው መንግሥት ነው። በዚህ ረገድ የኛ ሕግ የተሻለ አሳብ አለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ፣ የተወሰነው ጊዜ ካለፈ፣ ጠባዩ ከታረመና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን ከካሰ፣ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ሊጠይቅ ይችላል። ካሣውን ልብ በሉ፤ ሕጉ «ተጸጽቻለሁ» ማለትን ብቻ አይቀበልም።

ልጁም ይህን ሕግ ሳያነብ ያደረገው ይኸንኑ ነው። ለራሱ ስልክ ከገዛ በኋላ አራት ወር ቆጥቦ ሌላ ስልክ ገዛና በፌስታል ይዞ ወደ እትዬ ዘንድ ሄደ። «እትዬ፣ ያ ባለጌ እኔ ነኝ» አላቸው። ብዙ ሰዓት አልተናገሩም። ስልኩን ተቀበሉ። በማግስቱ እንጀራ ሊገዛ ሲሄድ እንደ ወትሮው ሸጡለት፤ መልሱን ሲሰጡት ግን ፊቱን አላዩትም። ይቅር ብዬሃለሁም አላሉትም። እኔ እንደማስበው ይቅር ማለት የእሳቸው ፈንታ ነው፤ እኛ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን በጭብጨባ ልንሰጥላቸው አንችልም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት መጣሁ። የሙዚቃ ክበቡ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ልጁ ይዞ የመጣው ሁለት ሳይሆን ሦስት ዘፈን ነበር። ሦስተኛው ስለ እትዬ እጅ ነው። አነበብሁት፤ «ይኸ ሰውን ያስተኛል፤ ጊዜም የለንም፤ በመጀመሪያ ያንን የስርቆቱን በል» አልሁት። እርሱ የስርቆቱን መዝፈን አልፈለገም ነበር። የጻፈው ገና በጀመረበት ወር ነውና ያፍርበታል። አስጨንቄ ያስዘፈንሁት እኔ ነኝ። ለምን ቢባል፣ ክበባችን እንዲጨበጨብለት ፈልጌ ነው። ተጨበጨበም።

ጭብጨባው ያመጣው ነገር ቀስ ብሎ ተገለጠ። ከበዓሉ በኋላ ስቱዲዮ አለኝ የሚል ሰው ቀርቦ፣ «እንደ መጀመሪያው ዓይነት አሥር ካመጣህልኝ በነፃ እቀዳሃለሁ፤ የወፍጮውን ተወው» አለው። በሌላ ሳምንት ደግሞ የቀድሞ ባልንጀሮቹ መንገድ ላይ አገኙትና ሳቁ። «በኛ ታሪክ እየተጨበጨበልህ ነው አሉ፤ አዲስ ታሪክ ካስፈለገህ ማታ ብቅ በል» አሉት። እርሱ ይህን ሲነግረኝ እየሣቀ ነው፤ እኔ ግን ሣቅ አልመጣልኝም። አሥር የስርቆት ዘፈን የሚሻ ሰው አሥር የስርቆት ታሪክ ይሻል። ልጁ ያለው ታሪክ ባለቀ ጊዜ ከየት ያምጣ?

ጨዋ ተማሪ ነን የምንል እኛ በሕይወታችን አንድ ብር ሰርቀን አናውቅ ይሆናል። ነገር ግን የሌላው ሰው ስርቆት በምት ታጅቦ ሲመጣልን ደስ ይለናል፤ ሳንደፍር የደፈርን፣ ሳንሮጥ የሮጥን ይመስለናል። ልጁ የሮጠበትን የምንከፍለው በፉጨት ነው። ኩንታል ተሸክሞ ሲመጣ ግን አባታችንን ስለሚመስለን ይሰለቸናል።

ከባሕር ማዶ ያለው የኢትዮጵያውያን ልጅ አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዘ ዊክንድ የሚለው፣ በቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990 ተወልዶ በ17 ዓመቱ ትምህርቱንና ቤቱን ጥሎ እንደ ወጣ፣ በዚያም ዘመን በክፉ መንገድ እንደ ሄደ ራሱ አልሸሸገም። ራፐር ሳይሆን ዘፋኝ ነው፤ የማነሣውም ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያ ዘፈኖቹ በዩቲዩብ ወጥተው ሰው ሲያዳምጣቸው እርሱ በአንድ የልብስ መደብር ልብስ እያጠፈ ይኖር ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቹም የእርሱ መሆኑን ሳያውቁ ዘፈኑን ይሰሙ ነበር። ልብስ ማጠፉን ማንም በሥዕል አድርጎ በደብተሩ ላይ አይለጥፍም።

ስለ እንጀራው ነገር ወላጆች ቢጠይቁኝ፣ ራፕ ሰውን ያኖራል ብዬ ለመማል አልደፍርም። በአማርኛ ራፕ እንደ ቴዲ ዮና እንደ ልጅ ሚካኤል ስማቸው የታወቀ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የካሴትና የሲዲ ሽያጭ ቀርቷል፤ በዩቲዩብ ገንዘብ ለማግኘት ብዙ ሺህ ተመልካች ያስፈልጋል፤ ለስቱዲዮውም ለቪዲዮውም ከኪስ ይወጣል። ልጁ ይህን ከኔ ይልቅ ያውቀዋል። ወፍጮውን እንዳይለቅ ብነግረው፣ «ማን ሊለቅ! ምቱ ያለው እዚያ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ለርእሰ መምህራችንና ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ልመና ከባድ አይደለም። ዘንድሮም ልጁ ይጋበዝ። የስርቆቱን ዘፈን ከልክሉልን አልልም፤ አትዝፈነው ያለው እርሱ ራሱ ስለ ሆነ መከልከል አያስፈልግም፤ እኛም «እሱን! እሱን!» እያልን እንዳንጮኽበት ብቻ ነው። ለድምፅ ማጉያው ኪራይ ትምህርት ቤቱ ይከፍላል፤ ለአበባውም ይከፍላል። ልጁ ግን ባለፈው ዓመት ከሥራው ግማሽ ቀን ቀርቶ ሲመጣ የታክሲ እንኳ የሰጠው የለም። የሠራ ሰው የድካሙን ያግኝ። ቅሬታ ያቀረቡትም ወላጅ ከልጃቸው ጋር እንዲመጡ በክበባችን ስም እጠይቃቸዋለሁ፤ ባይመጡም አልፈርድባቸውም።

ይህ መጽሔት በሚወጣበት ሳምንት የዘንድሮው በዓል ይደረጋል። ባለፈው ሐሙስ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሦስተኛውን ዘፈን እንደ ገና አሰማኝ። አስተካክሎታል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያርመው ኖሯል። ከባለፈው ዓመት ይልቅ አጭር ነው፤ ስለ ራሱ የሚናገረው ስንኝም ቀንሷል። ዱቄቱን ከፊቱ ላይ እየጠረገ፣ «ይኸን ዝም ብለው ይሰሙኛል ብለህ ታስባለህ?» አለኝ። እኔ እንጃ አልሁት። ቆይቶም እትዬ እንዲጠሩለት ለመነኝ፤ እርሱ ራሱ መጥሪያውን ለመውሰድ ፈርቷል።

የመጥሪያውን ወረቀት ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ወሰድሁላቸው። እጃቸው በሊጥ ተይዞ ነበርና ወረቀቱን አልተቀበሉኝም፤ ምን እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። በስምንት ሰዓት አልሁ። «በስምንት ሰዓት እንጀራዬ ገና አይሸጥልኝም» አሉና በክርናቸው መደርደሪያውን አሳዩኝ፤ እዚያ አስቀምጬው ወጣሁ።